የጅቡቲ ራዲዮ የሙዚቃ ማኅደር፦ ግምትና መድን

በካርቲየ 3 እና በሌሎቹ የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች በራዲዮ የተደመጠው የሶማሌኛና የአፋርኛ ዘፈን ዋና ቅጂ ያለው በብሔራዊው ማሰራጫ ጣቢያ፣ በአርቴዴ ማኅደር ነው። ክምችቱ ከ5,000 በላይ የቴፕ ጥቅሎችንና ካሴቶችን ይዟል።

እንዲህ ያለውን ሀብት መገመት አስቸጋሪ ነው። ባዶ ቴፕ ዋጋው ኢምንት ነው፤ የተቀረጸበትን ድምፅ ግን ማንም ዳግም አይቀርጸውም። ገማቹ የሚያየው የቴፑን ይዞታ፣ ሌላ ቅጂ መኖሩንና ከሁሉ በላይ መብቱ የማን እንደሆነ ነው። የኒው ዮርኩ ሙዚቃ አሳታሚ ኦስቲናቶ ሬከርድስ የማኅደሩን ሥራዎች አስፈቅዶ በ2021 የ4 ማርስ ባንድን አልበም ማሳተሙ ገበያ እንዳለ አሳይቷል።

የመድን ውል ብዙውን ጊዜ እሳትን፣ ጎርፍንና ስርቆትን ይሸፍናል፤ ለማይተካ ዕቃም ተዋዋዮቹ አስቀድመው የሚስማሙበት ዋጋ ይጻፋል። ቀስ በቀስ የሚመጣ ብልሽት ግን በአብዛኛው አይካተትም። በሞቃታማው ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ጠረፍ ከተማ ደግሞ የቴፕ ዋነኛ ጠላት ሙቀትና እርጥበት ነው!

በ2008 በሆሊውድ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ሲቃጠል የሙዚቃ ዋና ቅጂዎች ወድመዋል፤ የጉዳቱ መጠን ከ10 ዓመት በኋላም አከራክሯል። ዝርዝር መዝገብና በሌላ ሕንፃ የተቀመጠ ዲጂታል ቅጂ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።