የቴሌኮም መረብን የሚያስተዳድሩ ተገጣጣሚ ሶፍትዌሮች ምንድን ናቸው?

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። አርሶ አደሩ የግብርና ምክር እንዲያገኝበት የተዘረጋው 8028 መስመርም በዚሁ መረብ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ መረብ ሲቋረጥ የሚቆመው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ግብይትም ጭምር ነው።

የቴሌኮም መረብ አስተዳደር በዓለም አቀፍ ደረጃ በአምስት ተግባራት ይከፈላል፤ እነርሱም ብልሽትን መለየት፣ የመሣሪያዎችን ቅንብር መቆጣጠር፣ የአገልግሎት ሒሳብን መያዝ፣ አፈጻጸምን መመዘን እና ደኅንነትን መጠበቅ ናቸው። እነዚህን ሥራዎች የሚያከናውነው ሶፍትዌር ነው።

ተገጣጣሚ ሶፍትዌር ማለት አንድ ጊዜ ተሠርቶ በብዙ ቦታ የሚያገለግል የፕሮግራም ክፍል ነው። አሠራሩን ለመረዳት የበሬ እርሻን ማሰብ ይበቃል። ማረሻው ሲዶለዱም ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን አይጥልም፤ ማረሻውን ብቻ አስወጥቶ ያስላል ወይም ይለውጣል። በተመሳሳይ ሁኔታ የብልሽት ማንቂያን የሚቀበለው ክፍል ሲያረጅ ሒሳብ የሚይዘውን ክፍል ሳይነኩ መተካት ይቻላል።

ጉዳዩ ለአገራችን ቅርብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2005 ዓ.ም. ከቻይናዎቹ ሁዋዌ እና ዜድቲኢ ጋር የማስፋፊያ ውል ተፈራርሟል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድኑ ኤሪክሰን ተጨምሯል። የየአምራቹ መሣሪያ የየራሱ ማስተዳደሪያ አለው። አሥር የተለያዩ ሥርዓቶችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ለማገናኘት 45 መገናኛዎች ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም አንድ የጋራ ደንብ ከተከተሉ ግን አሥር ይበቃሉ። ወጪውም የጥገና ጊዜውም የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የጋራ ደንብ የማውጣቱ ሥራ የቆየ ነው። ቲኤም ፎረም የተባለው የኢንዱስትሪው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1988 ተመሥርቶ ዛሬ ለኩባንያዎች ክፍት የሆኑ የመገናኛ ደንቦችን ያወጣል። ኤሪክሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያበለጸገውን ኤርላንግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከተዘጋጁ የሶፍትዌር ክፍሎቹ ጋር፣ በ1998 ለማንም ክፍት አድርጎታል።

ጥቅሙ በብልሽት ጊዜ ይታያል። አንድ የፋይበር መስመር ሲቆረጥ ብዙ የስልክ ማማዎች በአንድ ጊዜ የማንቂያ መልእክት ይልካሉ። ማንቂያዎቹን የሚያዛምደው ክፍል የጋራ መነሻቸውን ለይቶ ስለሚያሳይ የጥገና ቡድኑ በየማማው ሳይዞር ወደ ተቆረጠው ስፍራ ይሄዳል።

ይሁንና ሶፍትዌሩ የተቆረጠ ፋይበር አይቀጥልም፤ የጠፋ የኤሌክትሪክ ኃይልም አይመልስም። አንድ ክፍል በብዙ ቦታ ማገልገሉም የራሱ ስጋት አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግ ፎር ጄ በተባለ፣ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ በሚገኝ ክፍል ላይ የተገኘው የደኅንነት ክፍተት በመላው ዓለም የሚገኙ ተቋማትን ለአስቸኳይ ጥገና አስነሥቷል። የዘር በሽታ ያለበት አንድ ከረጢት ለብዙ ማሳ ቢከፋፈል እንደሚያደርሰው ጉዳት ያለ ነው።

ነዋሪዎችም ድርሻ አላቸው። መረብ ሲቋረጥ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞች በ700 በሌላ በሚሠራ ስልክ ደውለው ቦታውንና ሰዓቱን ቢያሳውቁ ጥገናው ይቀላል። ለቤት፣ ለአጥር ወይም ለውኃ መስመር ከመቆፈር በፊትም በስፍራው የተቀበረ መስመር መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።