ቀን የተቆረጠለት ጣፋጭ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨው «ጣፍጥ» መባሉ ግን አይገርመንም፤ በአማርኛ የሚጣፍጠው ማርና ስኳር ብቻ አይደለምና። ወጥ ቁሌቱ ሲበስልለት፣ ጨውና በርበሬው ልክ ሲመጣለት «ጣፈጠ» ይባላል፤ ማርም ይጣፍጣል፣ ንፍሮም ይጣፍጣል፣ ጨዋታ ሳይቀር ይጣፍጣል። ቋንቋችን የማርን ጣዕም ከጨው ለይቶ የብቻው ስም እንዳልሰጠው ሁሉ፣ ገበታችንም ጣፋጩን ለይቶ ከምሳ መጨረሻ አላቆመውም። ከዚህ ተነስተው ስለ ምግባችን የሚጽፉ ብዙዎች «የኢትዮጵያ ማዕድ ዲዘርት የለውም» ብለው ይደመድማሉ። እኛም ይህንኑ ተቀብለን፣ ከወጥ በኋላ ኬክ የማቅረብ ልማድ ሲመጣ የጎደለን ነገር የተሟላ ያህል ቆጥረነዋል። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የቤት ጣፋጭ ነበረን፤ ቦታው የማዕዱ መጨረሻ ሳይሆን ባሕረ ሐሳቡ ላይ ነበር። የሌላ አገር ወጥ ቤት «ከምን በኋላ ይቀርባል?» ሲል፣ የእኛዋ ባለሙያ «ለየትኛው በዓል ይደርሳል?» ትል ነበር።

ነገሩን ከማር መጀመር ይሻላል። ስኳር ወደ አካባቢያችን የመጣው ትናንት አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በግሪክኛ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሕንድ ተጭነው ዛሬ ሶማሊያ በምንለው ጠረፍ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ከስንዴ፣ ከሩዝና ከቅቤ ጋር ከሸንበቆ የሚወጣ ማር ይቆጠራል። ደገኛው ግን የሸንበቆ ማር አላስፈለገውም፤ የንብ ማር ነበረው። ክረምት ወጥቶ አደይና ኑግ ሲያብቡ ንቡ ይሠራል፣ በጥቅምትና በኅዳር ማሩ ይቆረጣል። ማር በሕዝቡ ሐሳብ ውስጥ የነበረውን ክብር ለማየት የላሊበላን ስም ማስታወስ ይበቃል፤ ትውፊቱ ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡትና ስሙም ከዚያ እንደመጣ ይናገራል። ታዲያ ይህን ያህል ማር ያላት አገር የማር ኬክ ለምን አልጋገረችም? መልሱ ማሩ የሚሄድበት ቦታ ነው። ማር ግብር ነበር፤ ገበሬው ለገዢውና ለባለ ጉልቱ በጉንዶ ይሰፍር ነበር። የቀረውም ቢሆን ጌሾ ገብቶበት ጠጅ ይሆናል። ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአገሪቱ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ማር ወይን ደጋግሞ ጽፏል። በ1880 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያደረጉት ታላቅ ድግስም የሚነሳው በወጡ፣ በሥጋውና በጠጁ ነው። የማሩ ጣፋጭነት አልጠፋም፤ ከሳህን ወደ ብርሌ ሄደ እንጂ።

ሁለተኛው ምክንያት ጾም ነው። ዛሬ በዓለም የታወቁት የቤት ጣፋጮች፣ ኬኩም ክሬሙም ኩኪሱም፣ በቅቤ፣ በወተትና በእንቁላል የቆሙ ናቸው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት፣ በነቢያት፣ በሐዋርያትና በፍልሰታ ጾም አይነኩም፤ ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። ግማሹን ዓመት ከጓዳ የሚርቅ ነገር የየዕለት ማዕድ መዝጊያ ሊሆን አይችልም። ያው ጾም ግን ፍስኩን አግንኖታል። ቅቤ በመራቁ፣ ሲመለስ የሚገባበት ሁሉ ድግስ ይሆናል፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የሞላበት ገንፎ፣ በቅቤና በማር የራሰ ጨጨብሳ ለልጅ ከማንኛውም ኬክ አያንስም። የጉራጌ እናቶች የቅቤ እቁብ ገብተው በየተራ የሚደርሳቸውን ቅቤ ለመስቀል ያቆዩ የነበረው ለዚህ ነው። አንድ ቀን በቅቤ የሚርስ ክትፎ የወራት ቁጠባ አለበት። እንዲህ ያለውን ቅንጦት የምላስ ፍላጎት ብቻ አያመጣውም፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ዝግጅቱም ከቀኑ ወደ ኋላ የተቆጠረ መሆን አለበት።

የዚህ ሥርዓት ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በክረምቱ ማብቂያ ነው። ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ያለበት ወር ነው። በዚያው ወር በ13ኛው ቀን ቡሄ ይመጣል። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ የቤቱ እመቤት ለበዓሉ የጋገረችውን ሙልሙል ትሰጣቸዋለች። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ከደብረ ታቦር ጋር ታያይዘዋለች፤ ብርሃኑ ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች በሜዳ ቀሩ፣ ቤተ ሰቦቻቸውም ዳቦ ይዘው ወጡ ይባላል። ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ቅቤም ወተትም የለበትም፤ ስንዴ፣ እርሾ፣ ውኃና ጨው ነው። እህል በሚያጥርበት ወቅት ከደጅ ለመጣ ለማንም ልጅ ስንዴ መስጠት ግን ከማንኛውም ክሬም የሚበልጥ ልግስና ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዕንቁጣጣሽ ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ድፎ ዳቦ ይደርሳል።

ድፎውን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ክርክሩ ያለው ሥራው ውስጥ ነውና። ስንዴው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይፈጫል። ዱቄቱ በእርሾ ተቦክቶ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበት ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። የኮባ ቅጠል እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብለብ ይደረግና ምጣዱ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል። ሊጡ በላዩ ይገለበጣል፣ በእጅ ይስተካከላል፣ በሌላ ኮባ ይሸፈናል። ከዚያ ብረት ምጣድ ይደፋበትና ፍም ይደረግበታል። በሁለት ወገን የተጨነቀ ሰው «በላይ እሳት፣ በታች እሳት ሆነብኝ» የሚለው ይህንኑ ዳቦ እያሰበ ነው። ኮባው ሲላጥ ቅርፊቱ ላይ የቅጠሉ ሥር እንደ ታተመ ይቀራል፤ መዓዛው ደግሞ በዓል መድረሱን ለጎረቤት ይናገራል። የላይኛው ፍም ከበዛ ዳቦው ያራል፣ ካነሰ ሆዱ ሊጥ ይቀራል። ይህን ልክ የሚያውቀው እጅ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈውም በዓሉ በመጣ ቁጥር አብሮ በመጋገር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ዳቦ ዳቦ ነው፣ ዲዘርት አይደለም የሚል። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የዘወትሩ መብል የጤፍ፣ የገብስ ወይም የማሽላ እንጀራ በሆነበት ቤት የስንዴ ድፎ የዘወትር አይደለም። ከማር ጋር ሲቀርብ፣ ከጎኑ ለልጆች ያልቦካ ብርዝ ሲቀዳ፣ ጣፋጭ የሚባለው ነገር ሁሉ ተሟልቶለታል። በአርሲና በባሌ የታወቀው ጭኮም እንዲሁ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም በተነጠረ ቅቤ ተለውሶ ለእንግዳ፣ ለበዓልና ለሩቅ ተጓዥ ይዘጋጃል፤ ስኳር ሳይነካው የቅንጦት ምግብ ነው። ሁለተኛ፣ ዲዘርት የሚለው ቃል ራሱ ማዕድ ማንሳት ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ነው፤ የሚነግረን ቦታን እንጂ ምንነትን አይደለም። በአውሮፓ ድግስ ምግብ በተራ በተራ እየቀረበ በጣፋጭ የመዘጋቱ ሥርዓት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጣሊያኖች ፓኔቶኔን ለገና ሲጋግሩ እነርሱም እንደ እኛ ቀን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ የማዕድ መዝጊያን ብቸኛ መለኪያ አድርጎ «የላችሁም» ማለት የአንድን ዘመን የአቀራረብ ልማድ የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ማድረግ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የደጋው ክርስቲያን ታሪክ ብቻ ነው የሚል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል። በባሕር ንግድ በኩል ከዐረቡ ዓለም ጋር የተገናኘችው ሐረር ስኳርን ቀድማ ለምዳለች፤ ሃልዋዋም ስሙ የተጠራ ነው። ሊጡ እንደ መረብ ተጠላልፎ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ በስኳር ሽሮፕ የሚነከረው ሙሻበክ፣ ስሙን እንኳ ያገኘው «የተጠላለፈ» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው። እነዚህ ያለ ጥርጥር በጠባቡም ትርጉም ጣፋጮች ናቸው። ግን ወቅታቸው መቼ ነው? በረመዳን ማምሻ፣ በዒድ፣ በሠርግ። ጠጅ በማይጠጣው ሙስሊም ቤትም ብርዙ ለበዓል ይበጠበጣል። የቤተ እስራኤል ማኅበረ ሰብ ደግሞ ለሰንበት የሚጋግረውን፣ በቄሱ የሚባረከውን ዳቦ ይዞት ወደ እስራኤል ተሻግሯል። እምነቱና ቅመሙ ይለያያል፤ ጣፋጩን ከቀን ጋር የማሰሩ ነገር ግን የጋራ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። «ማሩን ያስቀመጠው በዓል ሳይሆን ድህነትና ግብር ነው፤ ገበሬው በቀን የወሰነው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው» የሚል። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ጠጁ የመኳንንት፣ ጠላው የባላገር በነበረበት ዘመን ብዙ ንብ አናቢ ቀፎውን የሚቆርጠው ለሌላ ሰው ብርሌ ነበር። ነገር ግን እጥረት አንድ ልማድ ለምን እንደተጀመረ ቢያስረዳም፣ ሰዎች በእጥረቱ ውስጥ ምን እንደሠሩ አያስረዳም። ያለውን ጥቂት ስንዴ ለብቻ መብላትም ይቻል ነበር፤ ቡሄ ግን ለጎረቤት ልጅ እንዲሰጥ አደረገው። ጥቂቷን ቅቤ በየሳምንቱ መጨረስም ይቻል ነበር፤ የሴቶቹ እቁብ ግን ለመስቀል አጠራቀማት። ድህነቱ የሚያስመሰግን ነገር የለውም። የሚመሰገነው ከድህነቱ ውስጥ ደስታን ለሁሉም የሚያደርስ ሥርዓት ያበጁት ሰዎች ብልሃት ነው።

ስኳር ይህን ሥርዓት የነካው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ቃላቱም ይመሰክራሉ። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ጀላቲ፣ ማርማላታ፣ ቦምቦሊኖ ሁሉም የጣሊያንኛ ናቸው፤ ማር፣ ብርዝ፣ ሙልሙል፣ ጭኮ ግን ከዚህ ከአገሩ ናቸው። ቃሉ ከውጭ ሲመጣ የመብያ ሰዓቱም አብሮ መጣ፤ ኬክ ቤት ማክሰኞም ኀሙስም ክፍት ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር፣ በኋላም ሸዋና መተሐራ ሲከተሉ፣ በግብር የሚሰፈረው ማር ያልደረሰበት ቤት ሁሉ ስኳር በሻይ ደረሰ። ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው፤ ጣፋጭ ከጌታ ብርሌ ወርዶ የድሃ ስኒ ውስጥ ገባ። በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ ወረፋና ራሽን ሲታደል ደግሞ፣ ያለ እርሱ መዋል የማይቻል የየዕለት ነገር መሆኑ ታየ። የየዕለት የሆነ ነገር ግን በዓል መሆኑን ይተዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ማንንም ከማንም አያሰባስብም።

እንግዲህ ኬክን እናባርር አልልም፤ ከውጭ የመጣ ሁሉ ባዕድ ሆኖ አይቀርም፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖም ዛሬ የከተማ ልጅነት አካል ናቸው። የምለው፣ ለልጆቻችን የምናወርሰውን የቤት ጣፋጭ ስንመርጥ ዱቄትና ስኳሩን ከመመጠን አስቀድመን ቀኑን እንምረጥለት ነው። በዋሽንግተን ኮባ ያጣች እናት በሙዝ ቅጠል ወይም በፎይል፣ በምጣድ ፈንታ በምድጃ ውስጥ ድፎ ስትጋግር ዕቃው ሁሉ ተለውጧል፤ ዕንቁጣጣሽ ስለሆነ ግን ድፎው ድፎ ነው። ያንኑ ዳቦ በማንኛውም ቀን ከሱቅ ብትገዛው ቅመሙ ሳይጎድል ዳቦ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ከምርቃቱ በላይ ምስክር የለም። ዳቦው ሊቆረስ ሲል የቤቱ ሽማግሌ ተነስተው ሲመርቁ «ዳቦ አይጥፋ፣ ማር አይጥፋ» ብለው አይጀምሩም። «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» ይላሉ። የሚለምኑት ያ ቀን ተመልሶ እንዲመጣ፣ በዙሪያው የተቀመጡትም ሳይጎድሉ እንዲያገኛቸው ነው፤ ዳቦው የሚቆረሰው ሁሉም «አሜን» ካለ በኋላ ነው።