እልፍኝ አስከልካዩና ቁልፉ

ዳላስ ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን በረራ ስጠብቅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ጭናቸው ላይ አለ። የበሩ ሠራተኛ ማይክሮፎኑን አንስታ አንድ ነገር ተናገረች። ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ከአንዲት ቀጭን ቦርሳ ሌላ ምንም ያልያዘ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ብቻውን ወደ በሩ ሄደ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቁጭ ብሎ አየው።

«ምን አለች፣ ልጄ?»

«‹ኮንሲዬርዥ ኪ› ያለው ይግባ ነው ያለችው፣ እማማ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። «ኪ» ቁልፍ ነው። «ኮንሲዬርዥ»ን ግን ምን ልበላቸው? በረኛ? ዘበኛ? አስተናጋጅ? «የእልፍኝ አስከልካይ ቁልፍ» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ ገረመኝ። እሳቸውን ግን ምንም አልገረማቸውም። «እንዲያ በለኝ፤ እልፍኝ የሚገባ ሰው ነዋ» ብለው ዳቦ ቆሏቸውን ዘረጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር መንገዶች ለሚያዘወትሯቸው ደንበኞች ማዕረግ ይሰጣሉ። የኛው አየር መንገድ ሼባማይልስ በተባለው ፕሮግራሙ ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም ብሎ ይደረድራል፤ ለየትኛው ምን ያህል መብረር እንደሚያስፈልግም ተጽፎ ይገኛል። በአንዳንድ አየር መንገዶች ግን ከመሰላሉ ጫፍ በላይ ሌላ እርከን አለ። መስፈርቱ አይጻፍም፤ ማመልከቻ አይቀበልም፤ ጥሪው ከመጣ መጣ፣ ካልመጣም ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። የአሜሪካን ኤርላይንስ ኮንሲዬርዥ ኪ፣ የዩናይትድ ግሎባል ሰርቪስስ፣ የዴልታ 360፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ፕሪሚየር፣ የኳንታስ ቼርማንስ ላውንጅ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። ስለ ምቾታቸው ብዙ ተወርቷል፦ በረራ ለማያያዝ የቸኮለውን ከአውሮፕላኑ ሥር ተቀብሎ በመኪና ወደ ሌላው አውሮፕላን ያደርሱታል፤ ዴልታ በፖርሽ፣ አሜሪካን በካዲላክ። እኔን የያዘኝ ግን ስማቸው ነው።

መጀመሪያ ስሙ የማዕድን ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራሙን በ1981 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ ጎልድ መጣ፤ ጎልድ ሲበዛ ፕላቲነም፤ ፕላቲነም ሲበዛ ኤግዚኪዩቲቭ ፕላቲነም፤ እሱም አልበቃ ሲል በሁለቱ መካከል ፕላቲነም ፕሮ። ማዕድኑ ማለቁን ከዚህ ላይ ማየት ይቻላል፤ ወርቅ ያጣ አንጥረኛ ናሱን እንደሚወለውል ቅጽል መደረብ ጀመሩ። ደግሞ የ«ፕላቲነም» ነገር ራሱ ያስቃል። ቃሉ ከስፓኒሽ «ፕላቲና» የመጣ ነው፤ «ፕላታ» ብር ነውና፣ ፕላቲና ማለት «ብር ብጤ»፣ «ብርዬ» እንደማለት ነው። በዛሬዋ ኮሎምቢያ ወንዞች ወርቅ ያጥቡ የነበሩ ስፓኞች ከወርቁ ጋር ተደባልቆ ሲያስቸግራቸው ያወጡለት የንቀት ስም ነው። ወርቅ ለማጭበርበር እንዳይውል ተብሎ ተመልሶ ወንዝ የተጣለበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ያ የተጣለው «ብርዬ» በካርዱ ላይ ከወርቅ በላይ ተቀምጧል።

ማዕድን አንድ በጎ ነገር አለው፦ ይመዘናል። ጎልድ የሆነ ሰው ስንት ማይል በርሮ ጎልድ እንደሆነ ያውቃል። ማዕድኑ አልቆ ስሙን ከቤት ዕቃና ከቤት አገልጋይ መውሰድ ሲጀመር ሚዛኑም አብሮ ጠፋ። በር አይመዘንም፤ ወይ ይከፈታል ወይ አይከፈትም።

«ኮንሲዬርዥ» ፈረንሳይኛ ነው፤ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ለአስጎብኚዎች የሚጥም ተረት አለው፤ «ኮምት ዴ ሲየርዥ»፣ ማለትም «የሻማዎች ሹም» ከሚለው መጣ ይላል፤ በቤተ መንግሥት ሻማ የሚያበራና የሚቆጣጠር ሰው። ተረቱ ያምራል፤ ሥርወ ቃል ግን አይደለም። አጥኚዎች የሚያዘነብሉት ወደ ላቲኑ «ኮንሴርቩስ» ነው፦ «ኮን» አብሮነትን ያሳያል፣ «ሴርቩስ» ባሪያ ነው። የባሪያ ጓደኛ፣ አብሮ አገልጋይ ማለት ነው። ይህ አገልጋይ ቁልፍ ሲሰጠው ነው ታሪኩ የሚለወጠው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት ፓሪስ ውስጥ ሴን ወንዝ ደሴት ላይ የነበረውን ቤተ መንግሥታቸውን ትተው ወደ ሌላ ሲዛወሩ፣ አሮጌው ግቢ በኮንሲዬርዡ እጅ ቀረ። ቦታው እስከ ዛሬ ኮንሲዬርዥሪ ይባላል። ወህኒ ቤትም ሆነ፤ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በ1793 ወደ ጊሎቲኑ የተወሰደችው ከዚያ ነው። በር የሚከፍተው ሰውና በር የሚቆልፈው ሰው አንድ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ወረደ፤ የፓሪስ ኪራይ ቤቶች በረኛ ሆነ፤ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ ወሬ የሚያናፍስ። ከዚያ ደግሞ ወደ ሆቴል ወጣ። በ1929 የፓሪስ ሆቴሎች ኮንሲዬርዦች ማኅበር አቋቋሙ፤ የማኅበራቸው ስም «ሌ ክሌ ዶር»፣ የወርቅ ቁልፎች ነው። የኮታቸው ክሳድ ላይ የተጠላለፉ ሁለት ቁልፎች የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አየር መንገዱ ቃሉንና ቁልፉን አንድ ላይ ሰፍቶ ለደንበኛው ሲሰጥ አንድ ነገር ተገለበጠ፦ ካርዱን የያዘው ጌታ ነው፣ የካርዱ ስም ግን የአገልጋዩ ነው። በ2009 በወጣው «አፕ ኢን ዘ ኤር» ፊልም ላይ ጆርጅ ክሉኒ 10 ሚሊዮን ማይል ለመሙላት ሲባዝን ይህ ካርድ ይታያል። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰውየው የራሱ ቤት እንግዳ፣ የሆቴሉ ቤተኛ መሆኑ ነው ከልቤ ያልወጣው።

የእኛ እልፍኝ አስከልካይ ከዚህ ኮንሲዬርዥ ጋር ሳይተዋወቅ ተመሳስሏል። እልፍኝ የንጉሡ ወይም የመኳንንቱ የውስጥ ቤት ነው፤ በአዲስ አበባው የምኒልክ ግቢም እልፍኙ ለብቻው፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ለብቻው ነበር። በእልፍኝ ውስጥ «እልፍ በል» የሚለው ይሰማኛል፤ ጆሮ ግን በሥርወ ቃል ችሎት ምስክር አይሆንምና አልፈዋለሁ። የሚጣፍጠው «አስከልካይ» ነው። ልብ በሉ፣ ከልካይ አይደለም። ራሱ እንኳ አይከለክልም፤ ያስከለክላል። ከሥሩ ዘበኛ አለው፣ ከበላዩ ንጉሥ። ንጉሡም ስለማይከለክል ክፉ አይባል፤ ዘበኛውም የታዘዘውን ነው። «ለምን አልገባሁም?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ የሚሰጠው አያገኝም። መስፈርቱን የማያወጣ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ስም የሚያገኝ አይመስለኝም። በውጭ የቀረውም ደጅ ይጠናል። ዓመቱ ሲያልቅ ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ስንት ውል እንዳለው እያሰላ ጥሪ የሚጠብቀው መንገደኛ፣ በሹመት ተስፋ ግቢ ለግቢ ሲንከራተት ከነበረው ባላባት በልብሱ ካልሆነ በምን ይለያል?

መጋረጃም ነበር። በቤተ መንግሥት ግብር ንጉሡና ታላላቆቹ በመጋረጃ ውስጥ ይበላሉ፤ እነሱ ሲጨርሱ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው በተራ በተራው ይገባል። አውሮፕላን ውስጥ ቢዝነስ ክላስንና እኛን የምትለየዋ ያቺ ቀጭን ጨርቅ ስትጎተት ሁልጊዜ የሚታየኝ ይህ ነው። ልዩነቱ የኛዋ መጋረጃ ለማረፍ እስክንቃረብ አትገለጥም፤ ስትገለጥም ምግቡ አልቋል።

አውስትራሊያኖቹ፣ እነ ኳንታስ፣ ለስማቸው ወንበር መረጡ። ቼርማንስ ላውንጅ ሲተረጎም የሊቀ መንበሩ ማረፊያ ነው። በሩ ላይ ስም አይጻፍም ይባላል፤ የምክር ቤት አባሎቻቸው ግን ጥቅማ ጥቅማቸውን ማስመዝገብ ግዴታቸው ስለሆነ የዚህ ስውር ክፍል አባልነት በይፋ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይነበባል። የኛ «ሊቀ መንበር» ግን ከቼርማን ይበልጥ ጥልቅ ነው። «መንበር» ከግዕዙ «ነበረ» ይወጣል፤ ነበረ ማለት ተቀመጠ ነው። በአማርኛ ደግሞ ይኸው «ነበረ» ያለፈ ጊዜ ማሳያ ሆኖ ቀረ። ዙፋኑና «ነበር» የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው፤ ካርዱ ያልታደሰለት ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። «ሊቅ»ም ከ«ልህቀ» ነው፤ አደገ፣ ሸመገለ። ዛሬ ኤሊት ለማለት የምንጠቀምበት «ልሂቅ» ከዚያው ከሥሩ የበቀለ ነው፤ «ላቀ»ም፣ «ትልቅ»ም እንደዚሁ። የፈረንጁ «ኤሊት» ግን መመረጥ ነው፤ «ኤሊር»፣ መረጠ ከሚለው። እነሱ ዘንድ ልሂቅ የሚሆነው የተመረጠ ነው፤ እኛ ዘንድ ቃሉ የሚለው የሸመገለ ነው። በዚህ ሒሳብ ከሆነ ሸሚዙ ከተጨማደደው ሰውዬ ይልቅ አጠገቤ ያሉት እናት ነበሩ ልሂቅ።

«ስታተስ» በላቲን መቆም ነው። እኛ የምንለው «ማዕረግ» ደግሞ ከ«ዐርገ» ነው፤ ወጣ፣ ከፍ አለ፤ ዕርገት የወጣበት። ማዕረግ መጀመሪያ ደረጃ ነው፣ የሚረገጥ እርከን። ለአውሮፕላን የእኛ ቃል ይሻላል፤ የሚቆመው እኮ ማዕረግ የሌለው ነው፣ ሰልፍ ላይ።

አንድ ቃል ግን እንዳንሳሳትበት እፈልጋለሁ። ኤሚሬትስ ከፕላቲነም በላይ ያለውን «አይ ኦ» ይለዋል፤ የ«ኢንቪቴሽን ኦንሊ» ምሕጻር ነው። ወዲያው «በግብዣ ብቻ» ብሎ ለመተርጎም ይቃጣል። ስሕተት ነው። በአማርኛ «ልጋብዝህ» ካልኩህ ሒሳቡ የኔ ነው፤ ቡናም ይሁን ክትፎ ተጋባዥ ኪሱ አይገባም። እዚህ ግን የተጋበዘው ሰው አስቀድሞ በብዙ ሺህ ዶላር ትኬት ሒሳቡን ዘግቶ ነው የሚጋበዘው። ይህ ጥሪ ነው። ለሠርግ እንደሚሆነው፣ ካርዱ ይመጣል፣ ፖስታውን ይዞ መሄድ ያንተ ፈንታ ነው።

«ምስጢር»ንም ላንሣው። የሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚዎች ከግሪኩ «ሚስቴሪዮን» ይመዝዙታል፤ የዚያም ሥር መክደን፣ መጨፈን ነው፤ ዐይንን ወይም አፍን። ሚስቴሪዮን ላይ የሚገባው በሥርዓት የተቀበሉት ብቻ ነበር፤ የገባው ያየውን አያወራም። የአየር መንገዶቹ ምስጢር ግን ግማሽ ምስጢር ነው። እንዴት እንደሚገባ ይከደናል፤ ማን እንደገባ በማይክሮፎን ይነገራል። ስሙ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ካልተጠራ ቁልፉ ምን ሊከፍት? በሩ እንደሆነ ለሁላችንም መከፈቱ አልቀረም።

ሠራተኛዋ ማይክሮፎኑን እንደገና አነሣች። እርዳታ የሚያስፈልጋቸው መንገደኞች ይግቡ ነው። አንድ ወጣት መጥቶ የተሽከርካሪውን ወንበር ፍሬን ፈታ፤ ነጠላውን ሲያይ «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለ በአማርኛ። ፊታቸው በራ። እግራቸው እንደሆነ ደህና ነው፤ ወንበሩን ልጃቸው ያዘዘችላቸው በእንግሊዝኛው መሐል እንዳይጠፉ ነው፤ ይህን ዳቦ ቆሎውን ስንበላ ነግረውኛል። ፌስታሉን አስተካክለው ያዙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ አትገባም?»

«እኔ ምድብ ሰባት ነኝ፣ እማማ።»

«በል እንግዲህ፣ ደህና ቆይ» አሉኝ፣ ወጣቱ በሕዝቡ መሐል እየገፋ ሲያስገባቸው።