አያቶቻችን ለማን ምን ያስነብቡ ነበር?



ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ልጅ መስጂዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እዚሁ ሐራ ያደገ፣ ጁዝ ዐማን እኔ ዘንድ የቀራ ልጅ። ቦርሳውን ከፈተና ሽፋኑ የተላጠ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ይሄን ባነብ ወንጀል አለብኝ እንዴ? ጓደኛዬ ልብ ወለድ ውሸት ስለሆነ ሐራም ነው አለኝ» አለ። መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር።

አፌ ላይ የመጣው መልስ ለራሴም አላረካኝም። «ነገ ከዐስር በኋላ ና» ብዬ ሸኘሁት። ይህ ጽሑፍ ያን ሌሊት ሳገላብጥ ካደርኩት የወጣ ነው። ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋ የሚሰጡት ከእኔ በላይ የቀሩ ናቸው። እኔ የማወራው ታሪክ ነው፤ አያቶቻችን ምን ያነቡ፣ ለማንስ ምን ያስነብቡ እንደነበር።

ወሎ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሐድራና መንዙማ ብቻ ነው። ወሎ ግን የኪታብ አገርም ነበር። ጀማ ንጉሥ ላይ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ ጌታ ላይ ሐጂ ቡሽራ፣ በራያ በኩል ዓና ላይ ሸኽ ጀማሉዲን ሙሐመድ፣ ሾንኬ ላይ ሸኽ ጀውሃር፣ በእኛው በየጁ ደግሞ የዳናው ሸኽ (አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው)፣ እያንዳንዳቸው የተቀመጡበት ቦታ የዒልም ማዕከል ሆኖ ከሩቅ አገር ደረሳ ይጎርፍበት ነበር። ደረሳውም አንድ ቦታ ገብቶ ሁሉን ጨርሶ የሚወጣ አልነበረም። ነሕው አንዱ ሸኽ ዘንድ ይቀራል፤ ለፊቅህ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ተፍሲር ሲፈልግ ደግሞ ሦስተኛውን ፍለጋ ስንቁን ይዞ ተራራ ይቆርጣል። የሚያድረው ሐሪማ ውስጥ፣ የሚበላው የሰፈሩ ሰው ያመጣለትን፣ የሚቀራውን ኪታብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጁ እየገለበጠ ነው። መጽሐፍ መያዝ ማለት መጽሐፉን መጻፍ ማለት የነበረበት ዘመን ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው አንድ ነገር አለ። ማንም ሸኽ ለሁሉም ሰው አንድ ኪታብ አይሰጥም ነበር። ጀማሪ ነሕው የሚጀምረው በአጁሩሚያ ነው፤ የፌዙ ሰው ኢብን አጁሩም ያዘጋጇት፣ በጥቂት ገጽ የምታልቅ ትንሽ ኪታብ። የኢብን ማሊክ አልፊያ፣ አንድ ሺህ ቤት ግጥም፣ የሚመጣው አጥንቱ ለጠነከረ ነው። ተፍሲር ጀላለይንን ደግሞ ዐረብኛው ሳይገራለት የሚከፍት የለም። ለጀማሪ አልፊያን መስጠት ልጁን ከዒልም ማባረር እንደሆነ ሸኾቹ ያውቁ ነበር። ዛሬ ግን አንዳንዶቻችን ገና ፊደል ለለየ ወጣት ሁለት ሺህ ገጽ ያለው መጽሐፍ በስልኩ እንልክለትና ለምን አላነበብክም ብለን እንቆጣለን።

ደረሳ ያልሆነውስ? ከብት የሚጠብቀው፣ የምትፈጨዋ፣ ገበያ የሚወርደው? ለእነሱ የተጻፈው በዐረብኛ ሳይሆን በራሳቸው አፍ ነው። የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ዐጀሚ የምንለው ይህ ነው። ቀላል ሥራ አልነበረም። «ጨ»፣ «ቸ»፣ «ኘ» ዐረብኛ ላይ የሉም። አማርኛ ሰባት ድምፅ ሲኖረው የዐረብኛው ሐረካ ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ነጥብ እየጨመረ፣ በየራሱ መንገድ እየተፈታተነ ጻፈው፤ አንባቢውም ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ካላወቀው አይፈታለትም። ለዚህ ነው ዐጀሚ በዓይን ብቻ የማይነበበው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዜማል፣ ጀማዓው ይቀበላል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ፣ ስለ ቀብርና ስለ ሒሳብ ቀን የምታውቀውን ግን ስትናገር የቀራ ሰው ይመስላታል። የቀራችው በመንዙማ ነው።

ከእነዚህ የዐጀሚ ጸሐፊዎች ውስጥ ከፍ ብለው የሚታዩት ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው። ዘመናቸው ከባድ ዘመን ነበር። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ አባ ዋጠው አመዴ ሊበንም እንዲሁ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከሕዝቡ ግማሹ ተሰደደ፣ ግማሹ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ አለፈው፣ ሌላው ሸፈተ። ሸኽ ጦልሃ ከተቃወሙትና ሕዝቡን ከመሩት ነበሩ። ያን ዘመን ያለፉ ሰው በአማርኛ መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ሊያጠፋቸው የመጣው ቤተ መንግሥት የሚናገረውን ቋንቋ አልጠሉትም፤ የዱዓቸውና የትምህርታቸው ቋንቋ አደረጉት። እኛም «አማርኛ የማን ነው?» የሚል ክርክር ሲነሳ ይህን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ልብ ወለድ ውሸት ነው ወይ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊትም ተጠይቋል። የበስራው አል-ሐሪሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1122 የሞቱት፣ «መቃማት» የሚባሉ ሃምሳ ታሪኮች ጻፉ። ዋናው ሰው አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ ይባላል፤ አንደበተ ርቱዕ አጭበርባሪ ነው። በመጀመሪያው መቃማ አቡ ዘይድ በሰንዓ ከተማ ሰው ሰብስቦ ስለ ሞትና ስለ ተውበት ይመክራል፤ ሰው ያለቅሳል፣ ኪሱንም ይፈታል። ተራኪው በዚህ ደግ ሰው ተማርኮ በድብቅ ይከተለዋል። ዋሻ ውስጥ ያገኘው ግን ጥብስና ጠጅ ቀርቦለት ነው! (የኢማም ረዳት ሆኜ ይህን ስቀራ እየሳቅሁም እየፈራሁም ነበር።) አል-ሐሪሪ እንዲህ ዓይነት ተረት በመጻፋቸው እንደሚወቀሱ ያውቁ ስለነበር በመቅድማቸው መልሱን አስቀመጡ፦ እንስሳት የሚናገሩባቸውን ተረቶች የሰማ ሁሉ ጆሮውን አልደፈነም፣ ተራኪውንም ወንጀለኛ ያለ የለም፤ ሥራ ደግሞ በኒያ ነው። አንባቢ ሊታለልበት የተጻፈና ሊነቃበት የተጻፈ አንድ አይደለም ማለታቸው ነው። መቃማትን ለዘመናት ሲያስቀሩና ሲያብራሩ የኖሩት ደግሞ ዘፋኞች ሳይሆኑ ዑለሞች ናቸው፤ ለዐረብኛው ብለው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። አማርኛው እንደ ማር ነው። ታሪኩ በጦርነት የተበተነ የክርስቲያን ቤተሰብ ነው፤ መጨረሻው ላይ ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ በጦቢያ ፍቅር ተነድፎ ከነሕዝቡ ይጠመቃል። ሁሉም ይደሰታል፣ ሠርግ ይሆናል፣ መጽሐፉ ያልቃል።

አሁን ዓመቱን ቁጠሩ። ከቦሩ ሜዳ እስከዚህ መጽሐፍ ሠላሳ ዓመት ነው። ሸኽ ጦልሃ በሕይወት አሉ፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ኖረዋል። በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ትውልድ፣ አንዱ ደራሲ መጠመቅን የፍቅር ታሪክ ማብቂያ ሲያደርገው ሌላው ደራሲ ከመጠመቅ ሸሽቶ ጫካ ሆኖ ያለቅሳል። አንዱ በሳባ ፊደል ሮም ታተመ፣ ትምህርት ቤት ተማርነው። ሌላው በዐጀሚ እንደተጻፈ በየቤቱ ሣጥን ቀረ።

ታዲያ «ጦቢያ»ን አታንብቡ ልበል? እኔ አልልም። የሌላው ሰው ደስታ እኛን ምን እንደሚያስታውሰን ካላወቅን፣ የእኛ ለቅሶ እሱን ለምን እንደማይገባውም አናውቅም። ግን ብቻውን አታንብቡት። ከጎኑ ሸኽ ጦልሃን አስቀምጡ። ታሪኩን በቅጡ ለመረዳት እንግሊዝኛ የሚችል ደግሞ የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን መጽሐፍ ያንብብ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ነው። ዳናንና ጌታን፣ ጀማ ንጉሥንም በስማቸው የምታገኙበት ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ስለ ጎጃም ነው፤ መስጂድም ሸኽም የለበትም። ግን በዛብህን እዩት። የድሃ ልጅ ነው፤ ትምህርት ፍለጋ ከቤቱ ርቆ ከመምህር ወደ መምህር የሚዞር የቆሎ ተማሪ። ሐሪማ ውስጥ ያደረ ሰው በዛብህን ሳያውቀው አይቀርም። ርሀቡ፣ ልመናው፣ በቃል የያዘው ትምህርት፣ ባላባት ቤት ሲገባ አንገቱን የሚያስደፋው ድህነት፣ ሁሉም የእኛ ደረሳ ነው፤ የሚቀራው ቅኔ መሆኑ ብቻ ይለያል። ጉዱ ካሣ ደግሞ የራሱን ወገን ግፍ ከውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ነው። ስሙን «ጉዱ» ያሉት ለዚያ ነው። በየሰፈራችን እንዲህ ዓይነት ሰው ስንቱን «አበደ» ብለን እንዳለፍነው አስቡት። መጽሐፉ የሸሪዓችንን አደብ የማይጠብቅ ቦታ የለውም አልልም፤ የሁለት ወጣቶች ፍቅር ነውና። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግን ይህን መለየት ካልቻለ ጥፋቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የእኛ፣ ያስቀራነው ሰዎች ነው።

ልብ ወለድ የማይስበው ወንድምም አለ። «እውነተኛ ነገር ስጠኝ» ይላል። ለእሱ ደግሞ እንካ፦ አስ-ሱዩጢን የምናውቀው አል-መሐሊ ጀምረው የተዉትን ተፍሲር በመጨረሳቸው ነው፤ ጀላለይን የተባለውም በሁለቱ ጀላሎች ስም ነው። እኚሁ ሰው ስለ ሐበሾች ክብር ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ከእሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ የባግዳዱ ኢብን አል-ጀውዚም ስለ ጥቁሮችና ሐበሾች ብልጫ ጽፏል። በቆዳው ቀለም የተነሳ ዐረብ አገር አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ወንድማችን ይህን ቢያውቅ እላለሁ።

የስደትን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከሐብሩና ከራያ በጂቡቲ በኩል ባሕር የሚሻገረው ልጅ ብዛት ለማናችንም አዲስ አይደለም። ልቡ ለመንገድ ለተነሳ ሰው የኢብን ባጡጣን ሪሕላ አነብለታለሁ። ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚያው ባሕር ዳርቻ ዘይላዕ ደርሶ ነበር። ከተማዋ ትልቅ ገበያ እንዳላት፣ ግን ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሳ ሽታዋ እንደማይቻል፣ ባሕሩ ቢናወጥም መርከብ ላይ ማደርን እንደመረጠ ይናገራል። ሰው ምክር አይሰማም፤ መንገደኛ ግን መንገደኛን ይሰማል።

ዛሬ የጁና ራያ የምንለው አካባቢ ድሮ አንጎት ይባል እንደነበርም ስንቶቻችን እናውቃለን? ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አልፎበት ጽፏል። ጥቂት ቆይቶ የኢማም አሕመድ ዘመቻ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ በ«ፉቱሑል ሐበሻ» ጠቅሶታል። አንዱ የንጉሡ እንግዳ፣ አንዱ የኢማሙ ሰው። ታሪክ የሚወድ ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሽ አገር ነው ያየው።

ዐረብኛ ያልቀራችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ሸኽ ሰዪድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የቁርኣንን ትርጉም በአማርኛ ያወጡት በ1961 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ፊደል የቆጠረ ግን ኪታብ ያልቀራ የከተማ ሙስሊም የቁርኣኑን መልእክት በእጁ ይዞ የሚያነብበት የታተመ አማርኛ አልነበረውም።

በማግስቱ ልጁ ከዐስር በኋላ መጣ። አል-ሐሪሪን ነገርኩት፣ የዋሻውን ታሪክ ስነግረው ሳቀ። በዛብህን አንብቦ ሲጨርስ እንዲነግረኝ ቃል ገባልኝ። ከዚያ «ኡስታዝ፣ ሸኽ ጦልሃንስ የት አገኛለሁ?» አለኝ። ታትሞ የምሰጠው በእጄ አልነበረኝም። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከሐራ አዲስ አበባ ግን ለአንድ ተማሪ ሩቅ ነው።

ጀርባችን ያሉ አንድ አባት ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው አወጡ። ውስጡ ያሉት ኪታቦች ጫፋቸው በምስጥ ተበልቷል፣ አንዱ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል። በጦርነቱ ጊዜ ጓሮ ቀብረውት እንደነበር ነገሩን። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ መጥቶ በጥሩ ዋጋ ሊገዛቸው ጠይቋቸው እምቢ ማለታቸውንም። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ዐጀሚ ከፈቱና ቀስ እያሉ ማንበብ ጀመሩ፤ አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው በጣታቸው ነጥቡን ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በዜማው ያስታውሱታል። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ እሳቸው ያሉትን በሳባ ፊደል ይጽፍ ነበር። የመግሪብ አዛን ሲል አንድ ገጽ አልሞላንም። ነገም እንመጣለን።