የአልዩ አምባ ኬላና የቡና ንግድ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚሄድ መንገደኛ፥ በየመንገዱ ዳር ረከቦት ተዘርግቶ ጀበና ተጥዶ ሲያይ፥ ይህ ልማድ ከጥንት ጀምሮ በዚህ አገር የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት በአንኮበር ተቀምጠው ይገዙ በነበረበት ዘመን፥ ክርስቲያኑ ሕዝብ ቡናን ከትንባሆ ጋራ አንድ አድርጎ ይጸየፈው ነበር። የሙስሊሞች መጠጥ ነው ይባል ስለ ነበረ፥ ቡና ሲጠጣ የተገኘ ክርስቲያን ሃይማኖቱ ይጠረጠር ነበር። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም ይህንኑ ክልከላ በመጽሐፉ መዝግቦታል። እንግዲህ ቡናን የማይጠጣ መንግሥት ከቡና ንግድ እንዴት ሊጠቀም ቻለ? ጥቅሙስ በምን ምክንያት ከእጁ ወጣ?

መልሱ የሚገኘው ከአንኮበር ተራራ በስተምሥራቅ፥ ወደ ቆላው ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚመታው ደጋ ነውና ቡና አይበቅልበትም፤ የደገኛው ሀብት ገብስና በግ ነው። አልዩ አምባ ግን ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት በር ስለ ሆነ፥ ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያ አርጎባው፥ አፋሩና ሐረሬው ነጋዴ ከደገኛው ጋራ ይገበያይ ነበር። ከበረሃው አሞሌ ጨው፥ ከባሕር ማዶ ጨርቃ ጨርቅ ይመጣል፤ ወደ ባሕሩ ደግሞ ቡና፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል። (ሐሪስ በሸዋ ሳለ የሰማው አንድ ተረት አለ፤ ቡናን ከካፋ አውጥታ በኢቱና በአርሲ ተራሮች የዘራችው ጥርኝ ናት ይባል ነበር። ዝባዱም የሚወጣው ከእርሷው ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ለጥርኝ ሁለት ምስጋና ነበረበት ማለት ነው።) በአጠገቡ በአብዱል ረሱል ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም፤ የዚያ ዘመን ቅፍለት ቡና ብቻ ጭኖ አልተጓዘም።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዚህን በር ዋጋ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የይፋትን ጠረፍ ወላስማ መሐመድ በጎንቾ ተቀምጠው ይጠብቁላቸው ስለ ነበረ፥ ያለ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም መንገደኛ አልነበረም። ከባሕር የመጣው ነጋዴ እንደ ልቡ ወደ መሐል አገር ዘልቆ ከገበሬው እጅ እንዲገዛ አይፈቀድለትም፤ ሻጭና ገዥ የሚገናኙት ንጉሡ በሚያዩት ቦታ ነው፤ ቀረጡም የሚቆረጠው በዚያው ነው። ስለዚህ አንኮበር አንዲት የቡና ዛፍ ሳይተክል፥ አንዲት ስኒም ሳይቀምስ፥ ከቡናው መንገድ ድርሻውን ይወስድ ነበር።

ይህን በር የተመኙት ብዙዎች ነበሩ። እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ኤደንን ከያዙ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ሸዋ አቀኑ፤ ካፒቴን ሐሪስም መድፍና ጠመንጃ በገጸ በረከት አቅርቦ፥ በኅዳር 1834 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው በአንጎለላ የንግድ ውል ተዋዋለ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ደግሞ በ1835 ዓ.ም. ለአገሩ ተመሳሳይ ውል አገኘ። ንጉሡ ለሁለቱም ፈረሙ፤ ገጸ በረከቱንም ከሁለቱም ተቀበሉ፤ በሩን ግን ለአንዳቸውም አልከፈቱም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የተንኮል ሥራ አይደለም። ሁለት ገዥ የሚፎካከርበት ሻጭ፥ አንዱን መርጦ ሌላውን ያባረረ ዕለት በገበያው ላይ ያለው ሥልጣን ያበቃል።

ይሁን እንጂ በሩ የሚጠብቀው ዕቃውን እንጂ ስሙን አልነበረም። የኢትዮጵያ ቡና ባሕሩን ተሻግሮ በየመን ወደብ በሞካ ሲራገፍ ስሙ ይለወጣል፤ በአውሮፓ ገበያ ከሐረር የሄደውም ከየመን የተለቀመውም «ሞካ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ወደቡ ኋላ ቢደኸይም ስሙ አልሞተም፤ ዛሬ በዓለም ቡና ቤቶች ሞካ የሚባለው ቸኮላታ የተቀላቀለበት ቡና መሆኑ የነገሩን መጨረሻ ያሳያል።

የአንኮበር በር እንዴት እንደ ተዘጋ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በኤደን ለነጋዴው ለባርዴ ተቀጥሮ የቡናን ማዘጋጀትና ማሸግ ይቆጣጠር ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተልኮ ቡናና ቆዳ ገዛ። ከዚያም ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ በአፋር በረሃ ተጓዘ። ሸሪኩ ላባቱ ጉዞው ሳይጀመር ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም እንዲሁ። በ1879 ዓ.ም. የካቲት ሲገባ ራምቦ አንኮበር ደረሰ፤ ነገር ግን ንጉሡን አላገኘም፤ እንጦጦ ነበሩና። እዚያም ሲደርስ ዋጋው ተቀነሰበት፤ የላባቱ አበዳሪዎችም ተነሡበት፤ ለቀረውም ገንዘብ በጥሬ ብር ፈንታ በሐረር ደጃዝማች መኰንን እንዲከፍሉት የሚያዝዝ ወረቀት ተሰጠው።

ይህችን ወረቀት ልብ ብሎ ያነበበ፥ የአንኮበርን ዕድል በውስጧ ያገኛል። ምኒልክ በዚያው ዓመት በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ቡናው የሚበቅልበት አገርና ወደ ባሕር የሚያወጣው መንገድ በአንድ እጅ ሲገባ፥ በአልዩ አምባ በኩል መዞር አላስፈለገም። ራምቦ ራሱ ወረቀቱን ይዞ የሄደው በአዲሱ መንገድ ከእንጦጦ ወደ ሐረር ነው። የጂቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ የሲራራው ነጋዴ ግመልና በቅሎ ሥራ ፈታ። አንኮበርን ያሸነፋት የተሻለ ገበያ አይደለም፤ መንገዱ ዞረ።

ደገኛውም ቡናን ወደ መጠጣቱ የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማስለቀቅ ረድተዋል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቶሞካ በአዲስ አበባ ቡና ቆልቶ መሸጥ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ ካልዲስ ተከተለው። አሁን ካገሪቱ ምርት ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚሁ ነው።

በውጭው ዓለም ግን ኬላው ከመንገድ ወደ ስኒ ተዛወረ። ስታርባክስ በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ በሲያትል ሲከፈት የተቆላ ቡና የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የሚላኖን ቡና ቤቶች ያየው ሠራተኛው ሃዋርድ ሹልትዝ በ1979 ዓ.ም. ድርጅቱን ገዝቶ በየአገሩ አበዛው። ገዢው የሚከፍለው ለፍሬው ብቻ አይደለም፤ ለመቀመጫው፥ ለስሙና ለጽዋው ጭምር ነው፤ ከዚህም ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘግብለት ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋራ ብርቱ ክርክር ከተደረገ በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ሆነ። ስሞቹን ለመጠቀም የሚሰጠው ፈቃድ ክፍያ የሌለው መሆኑ አንዳንዱን ሰው ያስገርመው ይሆናል፤ የታሰበው ግን ቀረጥ ለማስከፈል ሳይሆን፥ በሞካ የጠፋው ስም በባለቤቱ እጅ ሆኖ ታዋቂነቱ ዋጋውን እንዲያነሣ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጥሬ ቡና ወደ ውጭ የመላክ ሥራ፥ ለአገር ልጆች ብቻ ተጠብቆ ከቆየ በኋላ፥ በተወሰነ ግዴታ ለውጭ አገር ባለ ሀብቶች ተፈቀደ። ካፒቴን ሐሪስ በአንጎለላ በወረቀት ተቀብሎት በሥራ ግን ያላየው ፈቃድ፥ ከ182 ዓመት በኋላ ማለት ነው።