ግመልና በቅሎ የሚለያዩበት ቦታ፦ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በይፋት ቆላ የትራንስፖርት ታሪክ ውስጥ



የታሪክ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሊናገር መነሣቱ ያስገርማችሁ ይሆናል። ሆኖም ይህን ርዕስ የመረጥሁት ጥያቄው አዲስ ስላልሆነ ነው። ያደግሁት በሸዋሮቢት ነው። አባቴ የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ አንዲት ያረጀች ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ነበረቻቸው። መኪናዪቱ ከሮቢ ወንዝ ዳር የመስኖ ማሳዎች ሽንኩርቱን በኬሻ እየለቀመች ገበያ ስታደርስ የሚስተካከላት አልነበረም። አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ድረስ ጭነው ሲወጡ ግን የደብረ ሲና ዳገት ላይ ትግላለች፤ አባቴም ወርደው ራዲያተሯን ውኃ ያጠጣሉ። የሚያገኙትን ትርፍ ግማሹን ዳገቱ ይበላው ነበር። ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ሐሳብ ከዚያ ዳገት የተነሣ ነው፦ በይፋት አንድ ማጓጓዣ የሚመዘነው በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሚበላው ነገርና በሚቆምበት ቦታ ጭምር ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ይፋት እ.ኤ.አ. ከ1285 ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው፣ ዘይላን ከደጋው ጋር የሚያገናኘው የንግድ መስመር ያለፈበት አገር ነው። ንጉሠ ነገሥት ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የዘመቱት ይህ መስመር የያዘውን ጥቅም በሚገባ ስለተረዱ ጭምር ነው። ኃይል ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም መልክዓ ምድሩ አልተለወጠም። ግመል የቆላ እንስሳ ነው፤ ከባድ ጭነት ይሸከማል፣ በጥቂት ውኃ ይዘልቃል፣ የገደሉን አቀበት ግን አይደፍርም። በቅሎና አህያ በተቃራኒው አቀበቱን ይወጣሉ፣ በረሃውን ግን እንደ ግመል አይችሉትም። ስለዚህ ጭነት የሚራገፍበትና የሚለወጥበት ቦታ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከጠረፍ በግመል ያመጣው ዕቃ ፋሬ ላይ ተራግፎ ወደ አንኮበር የወጣው በሌላ ትከሻ ነበር። በአቅራቢያው ያለው አልዩ አምባም የሐረር፣ የአርጎባና የአማራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ገበያ ነበር። ቡናው፣ ጨርቁና አሞሌ ጨዉ እዚያ እጅ ይለውጥ ነበር።

ልብ በሉ፤ መራገፊያው የድክመት ምልክት አልነበረም። ሲራራው እያንዳንዱን እንስሳ በሚችለው ምድር ላይ ብቻ የሚያሠራ ሥርዓት ነበር። ከተማም፣ ኬላም፣ ገበያም የበቀለው በዚያ መራገፊያ ላይ ነው።

ይህን ሥርዓት ያፈረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራ መንገድና የጣርማ በር ዋሻ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከማሳ ዳር ተነሥቶ ሳያራግፍ አዲስ አበባ መግባት ቻለ። አልዩ አምባ ደበዘዘ፤ አውራ ጎዳናው ላይ ያሉት ደብረ ሲናና ሸዋሮቢት ደመቁ። የዋጋው ክፍያ ግን ናፍጣ ነበር። መኖው በአገር የሚበቅለው በቅሎ፣ ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛ ሞተር ተተካ።

አሁን ሌላ ለውጥ መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተፈታተው የሚገቡትን ከጉምሩክ ቀረጥም ነጻ አወጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አመክንዮው ግልጽ ነው፦ መኖው እንደገና የአገር ይሁን። ውሳኔው በመጀመሪያ ያነጣጠረው የቤት መኪናን ቢሆንም፣ ለይፋት ገበሬ ትርጉም የሚኖረው ወደ ጭነት ሲደርስ ነው።

አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለቆላው ምን ይሰጣል? አንደኛ፣ የቆላው የዕለት ጉዞ አጭር ነው፤ ከማሳ ወደ ሸዋሮቢት፣ ከሸዋሮቢት ወደ ሰንበቴ የእሑድ ገበያ። ማሾውም፣ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም የሚንቀሳቀሰው በትንሽ በትንሹ ነው። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ዘይትና ካምቢዮ የሚያስቸግር አይደለም። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ከጣርማ በር ሲወርድ የፍሬን ሽታ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ዋጋ ይረዳል። ይሁን እንጂ ባትሪው ከላይ ሙሉ ሆኖ ከተነሣ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው፣ ይህ ጸጋ በዕውቀት የሚያዝ ነው።

ጉድለቱንም በቁጥር እንየው። ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ የጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የአነስተኛ ፒክአፕ ባትሪ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢይዝ፣ ሩቡን ዳገቱ ይወስደዋል፤ የመንገዱና የነፋሱ ገና አልተቆጠረም። አዲስ አበባ ደግሞ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የሕዝብ ባትሪ መሙያዎች በብዛት የሚገኙትም እዚያው ዋና ከተማ ነው። የቆላው ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ እንዳየነው፣ መብራት ሲቋረጥ ናፍጣ በበርሜል ተሸክሞ መምጣት ይቻላል፤ ኤሌክትሪክን ግን በበርሜል ማምጣት አይቻልም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ ዕቃ አመላላሾች ተስፋፍተው ነበር፤ ሠርተው ማታ ማታ ወደ አንድ ጋራዥ ስለሚመለሱ። የከተማ ለከተማ ጉዞ ሲመጣ ግን ተሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሼቭሮሌ ኤስ-10 ኤሌክትሪክና ፎርድ ሬንጀር ኢቪ የተባሉ አነስተኛ ፒክአፖች ወጡ። አብዛኞቹ ለተቋማት በኪራይ ተሰጡ፤ ኪራዩ ሲያበቃ ብዙዎቹ ተሰብስበው ተጨፈለቁ። መኪናው ሥራውን ይችል ነበር፤ ፋብሪካው ፊቱን ሲያዞር ግን መለዋወጫውም ጥገናውም አብሮ ጠፋ። የአባቴን ፒክአፕ ሸዋሮቢት ውስጥ ያለ ማንኛውም መካኒክ ይፈታታት ነበር። አዲሱን መኪና ማን ይፈታዋል? ባትሪው ሲደክም ኪሳራው የማን ነው? ጥማድ በሬውን ሸጦ የገዛው ገበሬ ይሸከመዋል ወይስ ያበደረው፣ የሸጠው፣ ያስገባው?

ወደ መነሻዬ ልመለስ። አነስተኛው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ የከባዱ መኪና ወራሽ አድርገን ከቈጠርነው ዳገቱ ላይ ያሳፍረናል። በራሱ ምድር ላይ ብቻ እንደሚሠራው ግመል ከቈጠርነው ግን ቦታው ይታወቃል፦ ከማሳ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ መራገፊያ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀበት ለሌላ ማጓጓዣ ይተዋል። ስለዚህ ለሸዋሮቢት የሚያስፈልጋት መኪናው ብቻ አይደለም፤ አዲስ አልዩ አምባ ነው። ጥላ ያለው መጋዘን፣ ባትሪ የሚሞላበት፣ ጭነት የሚለወጥበት፣ የሠለጠነ መካኒክ የሚገኝበት መራገፊያ ማለቴ ነው። መኪናው ያለዚህ ቢመጣ፣ እኛ ከቀረጥ ነጻ ያስገባነውን ጥቅም ዳገቱ ቀረጥ አድርጎ ከገበሬው ይሰበስበዋል።

አባቶቻችን ግመሉን አቀበት ስላልወጣ አልናቁትም፤ የሚያራግፍበትን ቦታ አዘጋጁለት እንጂ።