በቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች የአስቸኳይ ማረፊያ አቅርቦት፤ ከጠመንጃ ያዥ ሲታይ

የአስቸኳይ ማረፊያ የሚባለው በትዳር ጓደኛዋ ወይም በቤተሰቧ አባል ጥቃት የተፈጸመባት ሴት፣ ልጆች ካሏትም ከልጆቿ ጋር፣ አድራሻው ለአጥቂው በማይታወቅ ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ተጠልላ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሕግ ድጋፍ የምታገኝበት አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ከምግብና ከአልጋ የሰፋ ቢሆንም ዋጋው የሚለካው ግን በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው። ይኸውም ሴትዮዋ ጥቃቱ በተፈጸመበት ሌሊት የምታድርበት ቦታ አግኝታለች ወይስ አላገኘችም የሚለው ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጠመንጃ ያዥ፣ ስማቸውን ከቀድሞ የአገልግሎት ዘርፎች እንዳገኙት እንደሌሎች የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሁሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠጋግቶ የሚኖርበት መንደር ነው። ክፍለ ከተማው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የሚገኝበት በመሆኑ በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጥቃቶችን የሚመለከቱ ችሎቶች ከነዋሪው ደጃፍ ናቸው ማለት ይቻላል። ፍርድ ለማግኘት ቅርብ የሆነው ሰፈር ለማደሪያም እንዲሁ ቅርብ ነው ወይ ለሚለው መልስ መስጠት ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። የማረፊያ ቤቶች አድራሻ ለተገልጋዮች ደኅንነት ሲባል ስለማይገለጽ ሰፈር በሰፈር መቁጠር አይቻልም፤ አይገባምም። ሊጠየቅ የሚገባው ከጠመንጃ ያዥ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚያስችለው መንገድ ክፍት መሆኑ ነው።

በአገሪቱ የመጠለያ አገልግሎት ታሪክ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት ሲጀምር ብዙ ተበዳዮች ክሳቸውን ይዘው ቢመጡም ከቢሮው ሲወጡ የሚመለሱት ወደዚያው ቤት ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት ቀደም ሲል በዳኝነት ያገለገሉት ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን እ.ኤ.አ. በ2003 መሠረቱ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማረፊያ ቤት ከፈተ፤ ኋላም አገልግሎቱን ወደ አዳማና ሐዋሳ አስፋፋ። ከዚያ በፊት የተበደለች ሴት መጠጊያ የወላጅ ቤት፣ የጎረቤት ጓዳ ወይም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዛሬም ለአብዛኞቹ ይኸው ነው።

የችግሩ ስፋት በጥናት የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገውና ቡታጅራን ባካተተው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በአካባቢው ባል ወይም የቅርብ ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ወይም ሁለቱም እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አመልክቷል። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ አስፈላጊው የዚሁ ዳሰሳ ሌላ ግኝት ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት 23 በመቶው ብቻ ሲሆኑ 66 በመቶው ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም። ስለዚህ በማረፊያ ቤቶች በር ላይ የሚታየው ወረፋ ከእውነተኛው ፍላጎት ጥቂቱን ክፍል ብቻ እንደሚያሳይ መገንዘብ ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች መሠረት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ይህ ከቀድሞው ሕግ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 556 የተመለከተው ቀላል የአካል ጉዳት በመሠረቱ የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፤ አቤቱታውም በሦስት ወራት ውስጥ መቅረብ አለበት። የመጠለያ ጉዳይ ከፍትሕ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ አቅራቢዋ ከተከሳሹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ክፍል ውስጥ የምታድር ከሆነ አቤቱታዋን ለማንሳት የሚደርስባትን ግፊት መቋቋም አትችልም። በፖሊስ ጣቢያና በዐቃቤ ሕግ ቢሮ «ተበዳይ ታርቃለች» ተብለው የሚዘጉ መዝገቦችን የሚመረምር ሰው፣ ዕርቁ የተፈጸመው ሴትዮዋ ሌላ ማደሪያ ኖሯት ነው ወይስ አጥታ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የወንጀል ሕጉም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አጥቂው ከቤት እንዲወጣና እንዳይቀርብ የሚያዝ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ አልደነገጉም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ፍርድ ቤት ከባልና ሚስት አንደኛው ከጋራ መኖሪያው መውጣት ሲኖርበት የልጆችን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ እንዲያመዛዝን ያደርጋል። ሆኖም ይህ ሥልጣን የሚመነጨው የፍቺ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ነው። መፋታት የማትፈልግ፣ ድብደባው እንዲቆም ብቻ የምትሻ ሴት ከዚህ አንቀጽ የምታገኘው ነገር የለም። በውጤቱም ከቤት የሚወጣው ጥፋተኛው ሳይሆን ተበዳይዋ ትሆናለች። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ደግሞ «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ስለተወሰነ በትዳር ውስጥ የሚፈጸመውን አይሸፍንም።

ወደ ማረፊያ ቤት የሚኬደው በአብዛኛው በቅብብሎሽ ነው። ፖሊስ፣ የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል ተበዳይዋን ይልካል፤ ማረፊያው ቦታ ካለው ይቀበላል። ከስታዲየም ብዙም በማይርቀው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የፖሊስ ምርመራንና የዐቃቤ ሕግን ሥራ በአንድ ቦታ በማገናኘት በተለይ ለወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች ብዙ ውጣ ውረድ አስቀርቷል። ተመሳሳይ አሠራር ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቱቱዜላ በተሰኙ ማዕከሎቿ ስትተገብረው የቆየችው ነው። የሥርዓቱ ደካማ ጎን ጊዜ ነው። ድብደባ የሥራ ሰዓት አይጠብቅም፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ጽሕፈት ቤት ግን ዓርብ ማታ ተዘግቶ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ከነቁስሏ በጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ወይም «ለዛሬ ዘመድ ጋ ሂጂ» እንድትባል የሚያደርገው ክፋት ሳይሆን ተረኛው መኮንን ያለ ደብዳቤ የሚደውልበት ቦታ አለማወቁ ነው። ለወራት የሚያቆይ ማረፊያና ለሁለትና ሦስት ሌሊት የሚሆን የአስቸኳይ ማደሪያ የተለያዩ አገልግሎቶች መሆናቸው በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ በቅጡ አይለይም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ምን ያህል ያስፈልጋል ለሚለው የአውሮፓ ምክር ቤት አገሮች የሚጠቀሙበት መለኪያ ለ10 ሺህ ነዋሪ አንድ የቤተሰብ ማረፊያ ቦታ የሚል ነው። መለኪያው ኢትዮጵያን አያስገድድም፤ ለማነጻጸር ግን ይረዳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ2 ነጥብ 7 ሚሊዮን በላይ፣ የልደታ ደግሞ ከ200 ሺህ በላይ ነበር። በዚያ አሮጌ ቁጥር እንኳ ቢሰላ ከተማዋ ወደ 270 የቤተሰብ ቦታ፣ ልደታ ብቻዋን 20 ያስፈልጓቸዋል። አንድ ቦታ ማለት አንዲት እናት ከነልጆቿ መሆኑን ልብ ይሏል።

የገንዘቡ ምንጭ ሌላው ጉዳይ ነው። ማረፊያዎቹ በአመዛኙ የሚንቀሳቀሱት በማኅበራትና በውጭ ለጋሾች ድጋፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ በመከልከሉ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ሥራ ክፉኛ አዳክሞ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ክልከላው ተነሳ። ይሁንና የለጋሽ ፕሮጀክት ዘመን ሲያበቃ አልጋውም አብሮ የሚያበቃ ከሆነ አገልግሎቱ ዋስትና አለው ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማፑቶ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 4 ለተጎጂዎች ተደራሽ የሆነ የመረጃና የተሃድሶ አገልግሎት የማቋቋም ግዴታ የሚጥለው በመንግሥት ላይ ነው። የከተማ አስተዳደሩ በ2016 ዓ.ም. ያስመረቀው «ለነገዋ» የሴቶች ተሃድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ቢሆንም፣ ዋና ተግባሩ ለማኅበራዊ ችግር የተጋለጡ ሴቶችን አሠልጥኖ ማቋቋም ነው።

ስለ ቤት ካልተነሳ የልደታ ጉዳይ ሙሉ አይሆንም። የቀበሌ ቤት ውል ብዙ ጊዜ የተመዘገበው በባል ስም በመሆኑ ሚስት ስትወጣ ማደሪያዋን ብቻ ሳይሆን በመልሶ ማልማት ወቅት ሊገኝ የሚችለውን ምትክ ቤትም የማጣት ስጋት አለባት። በክፍለ ከተማው እንደ ሰንጋ ተራና ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ሲበተን፣ በሌሊት የሚያስጠጋው ጎረቤትና ዕድሩም አብረው ተበትነዋል። እንግሊዝ የመጀመሪያው ታዋቂ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ቺዝዊክ ከተከፈተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት መኖሪያዋን የለቀቀች ሴትን «ቤት አልባ» ብሎ በመቁጠር የአካባቢ አስተዳደሮች ማደሪያ የመስጠት ኃላፊነት እንዲኖርባቸው በሕግ ደነገገች። የመንግሥት ቤት የሚያስተዳድሩ የወረዳ ኃላፊዎች ውል ሲያድሱ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስም መመዝገባቸው ግን አዲስ ሕግ መጠበቅ የሚያሻው አይመስልም።

ከማረፊያ በኋላ ቶሎ የሚመጣው የልጆች ትምህርት ነው። እናት ልጆቿን ይዛ ስትሸሽ የትምህርት ቤት መሸኛ አብራ አትይዝም። መሸኛው በቀድሞው ትምህርት ቤት በኩል ሲጠየቅ ደግሞ የአዲሱ ትምህርት ቤት ስም ለአባት ሊደርስ፣ በእሱም በኩል የማረፊያው አካባቢ ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ በተማሪዎቹ ዝውውር ላይ የሚሠሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ደብዳቤውን በቀጥታ ከላኪው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር ብቻ ሊለዋወጡ፣ የተቀባዩን ትምህርት ቤት ስምም በመዝገቡ ላይ ሳያሰፍሩ ሊያስተናግዱ ይገባል።